ድምፀ ተአቅቦ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ መቶ አሥራ አራት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውኃ ማክሰኞ ነው፤ እሱም ሌሊት ነው የሚታይ።
ባልዲዬን ደርድሬ ቧንቧውን ስጠብቅ፣
ሳል እንደያዘው ሰው ሲያጓራ፣ ሲጨነቅ፣
የዓለም ጉባኤው ድንገት ትዝ ይለኛል፦
እዚያም ድምፁ ብዙ ነው፤ ጠብታው ይዘገያል።

እኔ እትአገኘሁ፣ የወልደሰንበት ልጅ፣
ሁለት የምርጫ ዘመን ወንበር ያሞቅሁ፣
እጅ ሲወጣ አውጥቼ፣ ሲወርድ ያወረድሁ።
አንድ ጊዜ ሐኪም «ትከሻሽ ምን ነካው?» ቢለኝ፣
«ድጋፍ» አልኩት። አልገባውም። ክኒን አዘዘልኝ።

ከዚያም ጄኔቭ ላኩኝ፣ ከልዑካን ጋራ፣
ፊቴ ካርቶን ቆሟል፣ በአገሬ ስም የሚጠራ።
ሦስት ደቂቃ ነበር የተፈቀደልኝ፤ ሁለቱ ምስጋና፤
የቀረውን አለቃዬ በቀይ ሰረዘው፣ «ቀስ» እያለ፣ «ገና»።
አንዲት ብቻ አመለጠችኝ፣ ከወረቀቱ ውጪ፦
«ትልልቆች ውሉን በእርሳስ ይጽፋሉ፣
ትንንሾች መጥተው በቀለም ያጸናሉ፤
እነሱ ቢስቱ ላጲሳቸው አለ፣
እኛ ግን ብንስት የልጅ ልጅ ከፈለ።»
አጨበጨቡልኝ። አንዲት ፈረንጅ መጥታ፣
«ስለ አፍሪካ ሴቶች ንገሪኝ» አለችኝ፣ ሰዓቷን አይታ።

አገሬ ስገባ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ረቂቅ መጣ፤
ስለ መሬት ነበር፤ ገጹ የወፈረ፣ ካሳው የገረጣ።
ሌሊቱን አነበብኩት፤ ልማዴ አልነበረም።
ገበሬው እዚያ ውስጥ «ባለይዞታ» ነው፤ ሌላ ስም የለውም።
«የሚደግፉ?» ሲባል ያዝኩት አንዱን ክንዴን በሌላው ክንዴ።
«የሚቃወሙ?» ሲባል አንድ ነገር ተነሣ፤ ቀረ ግን ከሆዴ።
«ድምፀ ተአቅቦ?» ሲባል ያኔ እጄን አወጣሁ፣
እንዳረፈደ ተማሪ ብቻዬን ታየሁ።
«በአብላጫ ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል።»
መዶሻው ወረደ። ሻይ ቀርቧል።

ያቺ «አንድ» እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሌላ ስም የለኝም።
ስንት ዓመት ኮራሁባት፣ «አልደገፍኩም» እያልኩ፤
«አልተቃወምኩም» ግን አንድ ቀን አላልኩም።

ማታ ማታ ሲፈን ትመጣለች፣ የጥበቃው የጋሽ ደጀኔ ልጅ፤
ሕግ ትማራለች፤ ቤታቸው መብራት የለም፤
እኔ ዘንድ ታነባለች፣ ከምግብ ጠረጴዛው ደጅ ደጁን እያየች።
ትናንት መጽሐፉን ከድና በመስኮት አሳየችኝ፦
«ያ ገንዳ ያለበት ሽምብራ ነበር። ይህ ብሎክ ምስር።
ሦስት ጥማድ። የአያቴ።
ግድግዳዎ የሚሰነጠቀው አፈሩ መረሬ ስለሆነ ነው፤
ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይከፈታል።
አያቴን ቢጠይቁት ይነግራቸው ነበር።»
ዝም አለች። ቀጥላ፦ «እትዬ፣ ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?»

አምስት ቋንቋ በሚተረጎምበት አዳራሽ መልስ ሰጥቻለሁ፤
ለዚህኛው ግን ማዳመጫ እንደነቀለ ሰው ዝም ብዬ ቀረሁ።

እሑድ የብሎኩ ስብሰባ ነበር፣ ደረጃው ሥር፣ በላስቲክ ወንበር፤
አጀንዳ አንድ፦ የፓምፕ መዋጮ። አጀንዳ ሁለት፦ አጥር።
የከብት መተላለፊያው ይዘጋ፤ እበቱ አስቸግሯል።
(ጋሽ ደጀኔ ሁለት ላም አለው፤ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።)
«የሚደግፉ?» ሃያ ስምንት እጅ፤ ጥፍሩ የተቀባም፣ ዱቄት የነካውም።
«የሚቃወሙ?»
ትከሻዬ ጮኸ። ክንዴ ወጣ።
ወንበሮቹ ሁሉ ዞሩ። አንዱ ሳቀ።
ጸሐፊው ልጅ «አንድ ተቃውሞ» ብሎ ሊጽፍ ሲል፣
«ስም ጻፍበት» አልኩት፤ «እትአገኘሁ፣ በ‹ዐ› አይደለም፣ በ‹እ›።»

መንገዱ ተዘጋ። ማክሰኞ ቆርቆሮው ተመታ።
ላሞቹ በዋናው አስፋልት፣ በመኪና ጡሩምባ መሐል ሄዱ።
ሲፈን በዚያ ማታ አልመጣችም።
መብራቱን አላጠፋሁም።
ሌሊት ቧንቧው ሳለ፤ ባልዲ ይዤ ተነሣሁ።